ኔትወርክ የለም ያልኳት ቅዳሜ

ትዕግሥት የለኝም። ሆሳዕና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺን ያገባ ሰው ሌላ ጾም አያስፈልገውም» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጠባይ ይዤ አዋቂዎችን ኮምፒዩተር ማስተማር መጀመሬ ራሴንም ያስቀኛል። በሥራ ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን በነበረች ክፍል ውስጥ፣ ትልልቅ ሰዎች ይጠብቁኛል። ፀሐይ ሲበረታ ሽንኩርቱ ዛሬም ይሸታል።

ልጆችን ማስተማር ቀላል ነው፤ አንዱ ካወቀ ለሌላው ያሳየዋል። የአዋቂ ክፍል እንዲህ አይደለም። አንዱ ማውሱን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ አየር ላይ ሲያንቀሳቅስ፣ ከጎኑ ያለው «ቲቸር፣ ይቺን ፎርሙላ ወደ ሌላው ሺት እንዴት ነው የማሻግራት?» ይለኛል። ለዚህ ስመልስ ያኛው ማሽኑን አጥፍቶ ይጠብቀኛል። ወደ እሱ ስዞር ይኼኛው ሰልችቶት ስልኩን ያወጣል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ አለማወቃቸውን ሌላ ሰው እንዲያይባቸው አይፈልጉም።

ከማይቀሩት መካከል አንዱ ከሞርሲቶ በሚኒባስ የሚመጣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን በእስክሪብቶ የጨረሰ፣ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው። የኮምፒዩተር ሰርተፊኬት የሌለው የደረጃ ዕድገት አያገኝም የሚል ወሬ ቢሮው ውስጥ ስለሰማ ነው የተመዘገበው። ማሽኑን ይፈራዋል፤ ፍርሃቱን በቀልድ ይሸፍነዋል። ከአጠገቡ የሚቀመጠው የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያለው ጉራጌ ነጋዴ ነው፤ ስልኩን እንደ መቁጠሪያ ሲያሻሽ የሚውል፣ የምለውን ሳልጨርስ «ገባኝ» የሚል። ደግነቱ አንዳንዴ በእርግጥም ይገባዋል። ሌሎችም ነበሩ፣ አንድ ቅዳሜ ታይተው ብዙ ቅዳሜ የሚጠፉ።

እሷ የመጣችው ኮርሱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ወደ ስልሳ የምትጠጋ፣ ነጠላዋን ያጣፋች፣ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ የያዘች ሴት በሩ ላይ ቆማ የለጠፍኩትን ወረቀት ፊደል በፊደል ታነባለች። ልጅ ልታስመዘግብ የመጣች መሰለኝ።

«ማንን ልመዝግብልዎት?» አልኳት።

«እኔን» አለችኝ።

ነጋዴው ከስልኩ ላይ ቀና አለ። የወረዳው ሠራተኛ ግን ወዲያው ወንበር ስቦ «ይምጡ እናታችን፣ እዚህ ከእኔ ጋር ይቀመጡ፤ ክፍሉ ውስጥ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነበርኩ፣ እንኳን መጡልኝ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁላችንም እናታችን ሆነች።

ቤቷ ጎፈር ሜዳ የሚባል ሰፈር ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሷን ለማንበብ ብላ። የቤቷ ቋንቋ ሐዲይኛ ነው፤ አማርኛዋም የሐዲይኛ ዜማ አለው። እኔ አባቴ ከሰሜን በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የወለደኝ ነኝ። ሐዲይኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል። ለዚህ ነው የእሷ አማርኛ ላይ ማንም እንዲስቅ የማልፈቅደው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሁለታችንም ፈተና ነበሩ። ማውሱን እንዳይሞትባት እንደምትፈራው ጫጩት ነው የምትይዘው። ሁለቴ ይንኩ ስላት አንዴ ነክታ ታስብና ሁለተኛውን ትነካለች። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩባት። እጇን ከማሽኑ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ስትጮኺ ጆሮዬ ይሰማል። እጄ ግን አይሰማም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እሷ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ሌሎቹ ላይ እንደ ድሮዬ ነበርኩ።

ለምን እንደመጣች ያወቅኩት መብራት የጠፋ ቀን ነው። ሰዎቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ሲያወሩ እሷ ከጠቆረው ስክሪን ፊት አልተነሳችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ታላቁ ልጇ ደቡብ አፍሪካ ነው። ይህ ሆሳዕና ውስጥ ወሬ አይደለም፤ እዚያ ሰው የሌለው ቤት ቢፈለግ በጣት የሚቆጠር ነው። ግቢዋ ውስጥ ልጁ በሚልከው የሚሠራ ቤት አለ፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ሳሎኑ ብቻ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ከቀረው ላይ ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሞ ይታያል። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ልጁ ይደውላል። ስልኩ መሐል ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። የባሏ ወንድሞች፣ ሚስቶቻቸው፣ የአጎት ልጆች ሁሉ ይሰበሰባሉ። አንዱ ልጄን ወደዚያ መቼ ነው የምትስበው ይላል፣ አንዱ የመስኮቱ ብረት ተወዷል ይላል። እሷ ተራ ሲደርሳት «ደህና ነህ?» ትላለች። «ደህና ነኝ እማ» ይላታል። አለቀ።

«እኔ ና ልለው ነው የምፈልገው» አለችኝ በጨለማው። «ቤቱ ይቅር፣ ና። ይሄን እነሱ ፊት ካልኩ አጎቶቹ ልጁን ከመንገዱ አሰናከለች ይሉኛል። ታናሹን ጻፍልኝ እንዳልል ደግሞ፣ እሱ ራሱ ልቡ እዚያ ነው። ስለዚህ ብቻዬን ልጻፍ።»

ታናሹ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን አድርሶ በር ላይ ጥሩንባ ነፍቶ የሚሄደው እሱ ነበር። እናቱ ምን ልትማር እንደምትመጣ ጠይቋትም አያውቅም።

ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ቁልፍ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አልተማረችም። እሷ ግን ቁልፎቹን በስማቸው ሳይሆን በቦታቸው ያዘቻቸው፤ ሰው የጎረቤቶቹን ቤት እንደሚያውቅ። «ል» በቀኝ በኩል ከዳር ናት፣ «ና» ከታች ናት፣ ትል ነበር። አንዷን ፊደል ፍለጋ ምስር እንደምትለቅም ሴት ጎንበስ ብላ ትቆያለች። አንድ ቅዳሜ አንድ ቃል፣ ሌላ ቅዳሜ ሌላ ቃል። የወረዳው ሠራተኛ «እናታችን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ነው አይደል?» ይላታል። እሱ ራሱ በሁለት ጣቱ ስሙን ለመጻፍ ላብ በላብ የሚሆን ሰው ነው።

ነጋዴው አንድ ቀን አላስቻለውም። «ይንገሩኝ እናቴ፣ እኔ ቶሎ ልጻፍልዎት» አላት።

«አንተ ከጻፍከው የአንተ ነው» አለችው ቀና ሳትል።

እሱም ወደ ስልኩ ተመለሰ። እሱን ዝም ያሰኘ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

መልእክት የምትልክበትን አካውንት የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ልጁ በዚያው ሳምንት ተቀበላት። ፎቶው መጣ፤ ፍርግርግ ብረት ባለው ሱቅ በር ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። እስከዚያ ቀን በስልክ በትንሹ እንጂ በትልቁ አይታው አታውቅም። ስክሪኑን በመዳፏ ዳበሰችው። «ከሳ» አለች። የወረዳው ሠራተኛ ዓይኑን አጥብቦ እያየ «ኧረ ወፍሯል!» አላት። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ከሳ» አለችው።

ደብዳቤው ያለቀ ዕለት ከኋላዋ ቆሜ ሳትጋብዘኝ አነበብኩት።

«ልጄ። ቤቱ ይቅርብኝ። ና። በስልክ ሰው ስለሚሰማ አልነገርኩህም። ሁሉም ላክ ይልሃል። እኔ ና እልሃለሁ። እናትህ።»

ይኸው ነው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቅዳሜ የለፋችው። ዓይኔ ውስጥ የሞላው እንዳይታይብኝ ዞሬ የወረዳውን ሠራተኛ ያለምክንያት ተቆጣሁት፤ እሱም ያለምክንያት ይቅርታ ጠየቀኝ።

«በሉ ይላኩት» አልኳት።

«ልጸልይበት» አለች።

ለጸሎት ኔትወርክ አያስፈልግም፣ ልከው ይጸልዩ ልላት ከአፌ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ። «ይሄ ከተላከ በኋላ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው ይቆይ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እልከዋለሁ።»

እዚህ አገር ሰው ትልቅ ነገር ሲያደርግ ሳይጸልይበት አያደርግም። ልጅ ሲድር፣ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲሄድ፣ መጀመሪያ ጉዳዩን ይዞ ይንበረከካል። እሷም ሳምንቱን በጾም ልትይዘው ወሰነች። ደብዳቤውን በስሟ አስቀመጥኩላትና ማሽኑን አጠፋሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጥበቃው መጥቶ ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ዛፉ ሥር ነጋዴው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቆሟል። ሽማግሌው የእናታችን ሰፈር ዕድር ዳኛ ናቸው። ነጋዴው ስልኩን አልያዘም። ያንን ሳይ ነው ለመልካም እንዳልመጡ ያወቅኩት።

«ልጇ አርፏል» አሉኝ ሽማግሌው። ሱቁ ውስጥ ነው የተገደለው፤ ዘራፊዎች ናቸው። ነጋዴው ዝቅ ባለ ድምፅ ልጁ ገጽ ላይ ሰው ሁሉ እየጻፈ መሆኑን ነገረኝ። ሱቁ በር ላይ የተነሳው ፎቶ፣ እሷ በመዳፏ የዳበሰችው፣ ሻማ ተለጥፎበታል። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። አጎቶቹ ሰምተዋል፣ ታናሹ ሰምቷል። ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

«አስከሬኑ እሁድ ቦሌ ይገባል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን» አሉ ሽማግሌው። «ታናሹ ስልኳን ተበላሽቷል ብሎ ወስዶባታል። ቅዳሜ ግን አንቺ ጋ ትመጣለች። አትምጪ ብንላት ትጠረጥራለች። እንደ ወትሮው ተቀበያት፤ ብቻ ያን ኢንተርኔት የምትሉትን እንዳትከፍት።»

ተናደድኩ። መርዶ በጠዋት በሽማግሌ አፍ እንደሚነገር አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው ያደግሁት። ግን ከተማው በየስልኩ እያነበበው የወለደችው ብቻ የማታውቅበት ነገር አንገሸገሸኝ። «ለምን ዛሬ አትነግሯትም? ልጇ እኮ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። «ዛሬ ብንነግራት ምን ይዛ ታለቅሳለች?» አሉኝ። «ሬሳ የለ፣ ሣጥን የለ። እሱ እስኪመጣ እህል አትቀምስ፣ አትተኛ። ሲመጣ እሷም አብራ ልትቀበር ነው። ተዪ፣ እስከ ሰኞ ትብላ፣ ትተኛ። እሷን መርዳት የምንችለው በዚህ ብቻ ነው።»

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ሳምንት ሙሉ የጠፉት፣ ወር ሙሉ የጠፉት፣ ኮርሱን ትተዋል ብዬ ስማቸውን የሰረዝኳቸው ሁሉ መጡ። ወንበር አልበቃ ብሎ ነጋዴው ቆመ። የወረዳው ሠራተኛ ትልቅ ድፎ ዳቦ በላስቲክ ይዞ ከሞርሲቶ መጥቷል። በመጨረሻ የባጃጁ ጥሩንባ ተሰማ፤ አጠር ያለች ነበረች።

እናታችን በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን አየች። «ምንድን ነው ዛሬ? በዓል ነው እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የወረዳው ሠራተኛ ነው የደረሰልን። «የእኔ ልደት ነው፣ እናታችን» አላት። እሱ የተወለደበትን ቀን ማንም አያውቀውም፤ እሱም አያውቀውም። ዳቦውን ቆረሰና ትልቁን ሰጣት። እሷ ጾም ላይ ስለነበረች ሲመሽ እበላዋለሁ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ተባረክ። ዕድሜ ይስጥህ። ልጆችህ ይቅበሩህ» አለችው።

ይህ ሰው ለሰው የሚመኘው ትልቁ ምርቃት ነው። የወረዳው ሠራተኛ «አሜን» አለና ስልክ እንደተደወለለት ሰው ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። ራሷ አበራችው፣ ደብዳቤዋን ራሷ ከፈተች። በትክክል ሁለቴ ነካች፤ ሌላ ቀን ቢሆን አጨበጭብላት ነበር። «ጸለይኩ» አለችኝ። «ልቤ አርፏል። አሁን እንላከው።»

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

እኛ አገር ይህን ቃል የሚጠራጠር የለም። ባንክ ይሉታል፣ መሥሪያ ቤት ይሉታል፣ ስልክ ይሉታል። እሷም አልተጠራጠረችም። «ይመጣል፣ እጠብቃለሁ» አለችና እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ አለች። እኔ ነጭ ሰሌዳው ላይ የሠንጠረዥ ትምህርት ጻፍኩ፤ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ከዚያን ያህል ሰው አንዱም ጥያቄ አልጠየቀኝም። በየመሐሉ ቀና እያለች «መጣ?» ትለኛለች። «አልመጣም» እላታለሁ።

«ስልኬም ተበላሸ» አለች በኋላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ። እዚያም ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆን?»

«ይሆናል» አልኳት። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጨምርበት።» ወደ ቁልፎቹ ጎንበስ አለች። «ልጄ» ከሚለው ቀጥላ «ደህና ነህ ወይ» ብላ መጻፍ ጀመረች። ፊደል ስትፈልግ፣ ስታገኝ፣ ስትነካ ክፍሉ ሁሉ እጁን ከማሽኑ ላይ አንስቶ ይሰማ ነበር። ከእሷ ቁልፍ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ጨርሳ አነበበችው፣ ደስ አላት።

ስትወጣ «ኔትወርክ ሲመጣ አንቺ ትልኪልኛለሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ የሚልኩት እርስዎ ነዎት» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ታናሹ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ዓይኑ አብጧል። «አቧራ ነው» አላት ሳትጠይቀው። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ሰኞ ሊነጋ ሲል እኛ ሴቶች ከአጥሩ ውጪ እንሰቱ ሥር ቆመን ነበር። ቅጠሉ በጤዛ ርሶ ትከሻችን ላይ ያንጠባጥባል። ሽማግሌው ከፓስተሩና ከአጎቶቹ ጋር ገቡ። በሩ ተንኳኳ፣ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም፤ ልጽፈው ብፈልግም አልችልም። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የእሷን ልጅ አንድ ቀን እንኳን በአካል አላየሁትም።

ሣጥኑ ረፋዱ ላይ በመኪኖች ታጅቦ ገባ። አሮጌው ቤት በሩ ጠባብ ስለሆነ አላስገባ አለ። ስለዚህ ወስደው አዲሱ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ቆርቆሮ ከለበሰው ክፍል፣ ያልተለሰነው መሬት ላይ አኖሩት። ወደዚያ ቤት መጀመሪያ የገባው እሱ ሆነ።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ተዘግቷል። እጄን ያዘችኝ።

«ቅዳሜ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ። «የዚያን ቀን ማታ ዳቦውን በላሁት» አለች። «ጣፈጠኝ። ተኛሁም። ልጄ ሬሳ ቤት፣ እኔ ዳቦ በልቼ ተኛሁ።»

ሽማግሌው ትይዩ ተቀምጠው ነበርና ሰሙ። መሬት መሬት አዩ። ያን ዕለት ማታ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲሰማ ታናሹን ጠርተው መከሩት። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ ልጄ» አሉት። «እናትህ ከእንግዲህ ያለቻት ዓይን አንተ ነህ። መንገድ የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ።» እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ሰውም አሜን አለ።

ቅዳሜ እንደገና መጣ። የእሷ ወንበር ባዶውን ከረመ። የወረዳው ሠራተኛ ማንም እንዳይቀመጥበት ቦርሳውን ያስቀምጥበት ነበር። ደብዳቤው ማሽኑ ውስጥ አለ፤ ላጠፋው አንዳንዴ እጄን አነሳና እተወዋለሁ። ኮርሱ አለቀ፣ ሰርተፊኬት ሰጠን፣ የወረዳው ሠራተኛ ዕድገቱን አገኘ። ሌላ ኮርስ ጀመርን፤ እሱ ግን ምንም ሳያስፈልገው አሁንም ከሞርሲቶ ይመጣል። ነጋዴውም ይመጣል።

መስቀል ካለፈ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆመች። ጃንጥላዋን ሳይ አወቅኳት። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጥሩንባ አልሰማሁም። የወረዳው ሠራተኛ ብድግ ብሎ ቦርሳውን አነሳ። ሁላችንንም ጨብጣ ተቀመጠች።

«ኔትወርክ አለ?» አለችኝ።

ለሞተው ልትልክለት ነው ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ዓይነቱ ኀዘን ሰውን የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። «አለ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ግን እናታችን…»

«ታናሹ ሄደ» አለች።

ዱራሜ የባጃጅ ዕቃ ልገዛ ነው ብሎ በጠዋት ወጣ። ሲመሽ አልመጣም፣ ሲነጋም አልመጣም። አጎቶቹ ያውቁ ነበር፤ ለእሷ ብቻ አልተነገራትም። ወንድሙ ትቶት የሄደውን ሱቅ ሊይዝ ነው። ብዙ ሳምንት በመንገድ ቆይቶ፣ ስንት ድንበር አልፎ፣ ባለፈው እሁድ ስልኩ መሐል ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ድምፁ መጣ። ሁሉም እልል አሉ። እሷ ተራዋ ሲደርስ «ደህና ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ እማ» አላት።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ግን ታናሹ ላይ፣ አጎቶቹ ላይ፣ ያ ሳሎን ላይ፣ ሁሉም ላይ ተናደድኩ። ነጋዴው ተነስቶ በስልኩ የታናሹን ገጽ ፈልጎ አገኘና ማሽኗ ላይ አመጣልን። ፎቶው ተከፈተ። ያው የሱቅ በር፣ ያው ፍርግርግ ብረት። ሸሚዙ ብቻ ሌላ ነው።

እናታችን ፎቶውን አልዳበሰችውም። ደብዳቤዋን ከፈተችና ከላይ እስከ ታች በከንፈሯ አነበበችው። «ልጄ። ደህና ነህ ወይ። ቤቱ ይቅርብኝ። ና።» የሚቀየር ነገር ካለ ልርዳት አጠገቧ ቆሜ ነበር። የሚቀየር አንድም ቃል አልነበረውም።

«ጸልየውበታል?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም፤ ምናልባት እንድትዘገይ ፈልጌ ይሆናል።

«አሁን ልላከውና ከዚያ እጸልያለሁ» አለች።

ላከችው። መድረሱ ታየ፣ ትንሽ ቆይቶ መነበቡ ታየ። ከዚያ ልጁ እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ነጥቦች መዝለል ጀመሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና ዘለሉ። የወረዳው ሠራተኛና ነጋዴው ወንበራቸውን ሳቡ። መልሱ መጣ።

«እሺ እማ። ቤቱን ጨርሼልሽ እመጣለሁ።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ እንዳስተማርኳት ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች። «እ… ሺ…» አለች። ቆመች። ወደ እኔ ቀና አለች።

«እሺ ነው አይደል ያለኝ?»

«አዎ» አልኳት፣ «እሺ ነው ያለዎት።»

የቀረውን ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ። ጣቷን ግን ከዚያ ቃል ላይ አላነሳችም።